ለማዶ ጀርባችንን ሰጥተን

አባቴ በዕድሜው ብሩሽ የጨበጠው የግቢያችንን አጥር ሲቀባ ብቻ ነበር። በዚያ የብርድ ወራት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ፋብሪካው የሥዕል ክበብ መሄድ ጀመረ። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስምንት ዓመት ደግሞ ሰው እንደሚያስበው የሞኝ ዕድሜ አይደለም። ክበቡ ውስጥ ማን እንዳለች አውቅ ነበር።

እትዬ ስማራንዳ ነበረች። ክራዮቫ ከተማ፣ አባቴ ማሽን በሚጠግንበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ናት። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ ሴት። የእናቴ የልብ ጓደኛ ስለነበረች በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ነበር የምትውለው። እናቴ ሊቪያ ግን ካለፈው መከር ጀምሮ የለችም። ሳንባዋን ታማ ተራራ ላይ ያለ ሆስፒታል ተኝታለች፣ እዚያ ደግሞ ልጅ አያስገቡም ተብዬ ነበር። ታዲያ እናቴ አልጋ ላይ ወድቃ ጓደኛዋ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ አበባ ስትስል ምን ይባላል? የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ቆማ «የአልጋው ሙቀት እንኳ ሳይበርድ» ስትል ሰምቻታለሁ። የየትኛው አልጋ እንደሆነ ባይገባኝም፣ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ከከንፈሯ አጣጣል ገብቶኛል።

ዛሬ ስናገረው ቀላል ነው። እናቴ አልታመመችም። ከፋብሪካው መዘምራን ጋር ለኮንሰርት ቤልግሬድ ሄዳ እዚያው ቀርታ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ አገር መክዳት ይባላል። አባቴ የሠራተኛው ስብሰባ ፊት ቆሞ «ከሃዲ ሚስት የለኝም» ብሎ ፍቺውን ፈረመ። ይህን ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ የሥዕል ክበቡን በመርከብ ዳኑብ ላይ ሊያንሸራሽር ተነሣ። ሠዓሊዎቹ እየተጓዙ ወንዙን ይስላሉ፣ ሥዕሉ ለነሐሴው የአገር በዓል አዳራሽ ይሰቀላል። ዳኑብ ግን እዚያ አካባቢ ድንበር ነው፤ አንዱ ዳር የእኛ የሩማንያ፣ ሌላው ዳር የዩጎዝላቪያ። ሚስቱ የከዳችው ሰው እንኳን መርከብ ሊሳፈር ወደ ወንዙ መንገድም አያስጠጉትም። እትዬ ስማራንዳ የፓርቲ አባል ስለነበረች ለአባቴ ዋስ ሆና ፈረመች። ጎረቤታችን ይህንንም አላለፈችውም፤ «ስሟን አስይዛለታለች» አለች። እኔ ሰው ሰዓቱን ወይም ካፖርቱን እንደሚያስይዝ ስለማውቅ፣ በዚህ ውል አባቴ የእሷ ሆኖ የቀረ መሰለኝ። ያን ዕለት ማታ ምግብ አልበላም ብዬ ተኛሁ።

መርከቧ ዞሪሌ ትባላለች። አሮጌ ናት፤ ናፍታና የተቀቀለ ጎመን ትሸታለች። ስትንቀሳቀስ የበላንበት የቆርቆሮ ሳህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ገና ከመነሣታችን የሥዕሉ አስተማሪ መምህር ፖምፒሊዩ፣ ነጭ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ሁላችንንም የላይኛው ወለል ላይ ሰበሰቡን። የምንስለው የራሳችንን ዳር ብቻ ነው አሉ። በርጩማው ሁሉ ፊቱን ወደ አገሩ ያዞራል፤ ማዶውን መሳልም፣ ትክ ብሎ ማየትም አይፈቀድም። አንድ ወፍራም ሰውዬ የሚያምረው ተራራ ግን ያለው በዚያ በኩል ነው ብሎ ሲያጉረመርም ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ከመምህሩ ጎን አንድ ግራጫ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር፤ ጓድ ቡርላኩ። ከባህል ክፍል ነኝ ይላል። ብሩሽ አይነካም፣ ነገር ግን የሰውን ሥዕል እየዞረ ያያል፣ ከሥዕሉ ይልቅ ደግሞ የሠዓሊውን ዓይን ያያል። እሱ በቀረበ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል። ለእኔ ግን ከረሜላ ስለሰጠኝ ከመርከቡ ሰው ሁሉ ደግ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እንዲህ ሆነን ተቀመጥን፤ ሁላችንም ለማዶ ጀርባችንን ሰጥተን፣ ጉልበታችን ላይ ካርቶን፣ እግራችን ሥር የውሃ ጣሳ። እኔ ማዶን ማየት ኃጢአት ስለመሰለኝ በአንድ ዓይኔ ብቻ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ተራራ፣ ቀይ ጣሪያ፣ የተሰጣ ልብስ። የእኛኑ ይመስላል። ዓይኔ ላይ ምንም ስላልደረሰ ገረመኝ።

የበርጩማ አቀማመጡ ላይ ግን ቀልድ አላውቅም ነበር። አባዬ ከዳር፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኔ ወዲያ እትዬ ስማራንዳ። በመሃላቸው ካልተቀመጥኩ ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩና አስፈቀድኩ። እጅጌውን በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ እስል ነበር። ሥዕሌም አባዬና እኔ ብቻ ነበርን፤ ወንዙ ጠባብ፣ እኛ ከዛፍ የምንረዝም። አባዬ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አረንጓዴ ይቀባል። መምህር ፖምፒሊዩ ጎንበስ ብለው አይተው «ጓድ ኤውጄን፣ ይህ ዛፍ ነው ወይስ ጥቅል ጎመን?» ሲሉት ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። እጅጌውን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ግን ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

ሥዕል ስላቃተው አፍሮ ነው ብዬ አሰብኩ። ኧረ ምን ሥዕል!

እትዬ ስማራንዳ አንድ የማልወድላት ነገር ነበራት። ከቦርሳዋ ክብ የፊት ዱቄት መያዣ ታወጣለች፣ ክዳኑ ውስጥ መስታወት አለ። ትከፍተዋለች፣ ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ይዛ ለረጅም ጊዜ ታያለች፣ አፍንጫዋን ነካ ነካ ታደርጋለች፣ ትዘጋለች። ሁለት መስመር ትስላለች፣ ደግሞ ትከፍታለች። እናቴ ሳንባዋን ታማ ተኝታ እሷ ዱቄት! ደሜ ፈላ። ያ መስታወት ትከሻዋን አልፎ የሚያሳያት ማዶውን መሆኑን በምን ልወቅ? ማዶ፣ መርከቧ ልታድርበት ከታሰበው ወደብ ትይዩ፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ነበረ። ሰውየው በረንዳው ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ካሰጣ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጀልባ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። እናቴ ናት እዚያ ሆና ያዋዋለችው። በዚያ ወለል ላይ ለማዶ ጀርባዋን ሰጥታ ማዶን የምታየው ስማራንዳ ብቻ ነበረች።

እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ የባቄላ ሾርባውን ጠጥቶ ሲያንቀላፋ አባዬን አጣሁት። ወለሉን ዞርኩ። የመርከቧ የኋላ ጫፍ ላይ፣ የተጠቀለለ ገመድ ከተከመረበት ጀርባ፣ ሁለቱ ቆመዋል። እትዬ ስማራንዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚችለው። ሦስተኛ ከተጨመረ አይሆንም፤ መቁረጥ አለብህ» አለችው። አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷ ትከሻውን ነካችው። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ የቀረውን አልሰማሁም፤ የሰማሁት ግን ይበቃኝ ነበር። ሁለት ማለት እነሱ ናቸው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

በዚያ ቦታ ወንዙ ሥር ከተማ አለ ይባላል። ግድቡ ሲሠራ አሮጌውን ከተማ ውሃ ዋጠው፤ ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል፣ ቤቱ ግን እዚያው ነው። ወፍራሙ ሰውዬ ይህን ሲያወራ ሰምቼ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ውሃውን ባየሁ ቁጥር ከሥሩ በር ተከፍቶ ሰው የሚጠብቅ ይመስለኝ ጀመር። ትተውኝ የሚሄዱት የት እንደሆነ አላውቅም። እኔን የሚተዉኝ ግን እዚህ፣ ይህ ውሃ ላይ፣ ከጎመን ሽታው ጋር ነው። አልጮህም አልኩ፤ ብጮህ ቶሎ የሚሄዱ መሰለኝ።

አባዬ ሲመጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ፀጉሬን ዳሰሰና ያልተለመደ ነገር ጠየቀኝ። «ቪዮ፣ ዝም ማለት ትችያለሽ? ብትፈሪም፣ ቢበርድሽም፣ አንዲት ቃል ሳይወጣሽ?»

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እኔ በቃ እስክልሽ።»

ሳለቅስ እንዳላስቸግር እያለማመደኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሺ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። እሱም ግንባሬን ሳመኝና ቶሎ ተነሣ። እስከ ዛሬ ሰው በድንገት ግንባሬን ከሳመኝ እጅጌውን እይዛለሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የፈነዳው። እትዬ ስማራንዳ እንደገና መስታወቷን አውጥታ ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገች። በዚህ ጊዜ ግን ቶሎ አልዘጋችውም። ፊቷ ቀላ። ቀና ስል ጓድ ቡርላኩ ከኋላችን ቆሟል። እጁን ዘረጋ።

«ጓዲት ስማራንዳ፣ እስቲ ይህን መስታወትሽን ልየው። ዛሬ ከሥዕሉ ይልቅ እሱን ነው ስትመለከቺ የዋልሽው።»

የብሩሽ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ሰጠችው። እሱም እንደ እሷ ወደ ትከሻው ከፍ አድርጎ ያዘው፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ፣ ትንሽ ወደ ግራ አዞረው። አባዬ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ከቶ አላወጣውም። እጅጌው በእጄ ውስጥ ነበር፤ ክንዱ እንጨት ሆነ።

እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ከረሜላ የሰጠኝ ደግ ሰው መጥቶልኛል፤ ዳኛ አገኘሁ። ብድግ አልኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ።

«ለአባዬ ነው የምትቆነጀው! ቀኑን ሙሉ ዱቄት ስትቀባ ነው የዋለችው። እሱ ግን ዞር ብሎ አያያትም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ጓድ ቡርላኩ ዞሩ። ከዚያ ወፍራሙ ሰውዬ ፈነዳ፣ ሚስቱ ተከተለች፣ ከዚያ ወለሉ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። መምህር ፖምፒሊዩ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጓድ ቡርላኩ ራሱ መስታወቱን አውርዶ እስኪያስለው ሳቀ። «የልጅ ነገር ጥሬ ብስል» አለና ክዳኑን ገጥሞ መለሰላት። «አይዞሽ ጓዲት፣ ያይሽ ይሆናል አንድ ቀን።» እየሳቀ ሄደ።

እትዬ ስማራንዳም ሳቀች። ፊቷ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር፤ ጆሮዋ ሳይቀር። አሸነፍኳት አልኩ። አባዬን አየሁት፤ አመድ መስሏል፤ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን አጥብቆ ያዘኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። የምፈራው ነገር ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ። አሁን አዋርጃታለሁ፣ ስለዚህ ትበቀለኛለች፣ ስለዚህ ነገ ነው የሚሄዱት። በዚህኛው አልተሳሳትኩም። ቀዩ ብርድ ልብስ ወጥቶ ነበር።

እትዬ ስማራንዳ እራት ላይ መምህር ፖምፒሊዩን ስታግባባ ሰማኋት። ጭጋግ የማይስል ሠዓሊ ሠዓሊ አይባልም፣ ይህን ወንዝ ጎሕ ሲቀድ ካላየነው ምን አየን፣ ትላለች። መምህሩ በደስታ ተነሡ። መርከቧ በእኛ በኩል ካለ አንድ ትንሽ ወደብ ቆማ ልታድር ነበር፤ ጠዋት ማልደው የሚፈልጉ ሠዓሊዎች ዳሩ ላይ ወርደው እንዲስሉ ተፈቀደ። ጓድ ቡርላኩ ማልዶ መነሣቱን እያማረረ እሺ አለ።

ጠዋት አባዬ ሲቀሰቅሰኝ ሁለት ቀሚስ ደራርቦ፣ በላዩ የብርድ ወራቱን ወፍራም ሹራብ አለበሰኝ። በዚያ በሐምሌ ሙቀት! ይህ ልብሴን ሁሉ አስይዞ ለሰው ሊሰጠኝ ነው አልኩ። ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚያ የገባች ልጅ በራሷ ልብስ ነው የምትገባው ሲባል ሰምቻለሁ። አባዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሲያስር ጣቱ እየተንሸራተተ ሦስቴ ፈታው። እጅጌውን ያዝኩ። ከዚህ በኋላ እጄን ካልቆረጡት አይለቅም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጭጋጉ ወፍራም ነበር። የራስ ጫማ አይታይም። ውሃው ዳሩን ሲልስ ይሰማል እንጂ የት እንዳለ አይታወቅም፤ የረጠበ ሸምበቆና የጭቃ ሽታ አለ። የመጡት ሠዓሊዎች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ጥላ ሆኖ ተቀምጧል። ጓድ ቡርላኩ ከአንድ የድንበር ጠባቂ ወታደር ጋር ሆኖ የመርከቧ መወጣጫ አጠገብ ሲጋራ ያጨሳል፤ እሳቱ ብቻ ትታያለች። እትዬ ስማራንዳ የሦስታችንን በርጩማ ከሁሉም ራቅ አድርጋ፣ አንድ አኻያ ዛፍ ሥር ደረደረች። ካርቶናችንን አስቀመጠች፣ ውሃ ቀዳች። ከዚያ ፊቴ ተንበረከከችና ጉንጬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። እኔ እያየችኝ በሹራቤ እጅጌ ጉንጬን ጠረግኩት።

ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ አፉን ከፈተ፣ እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ «ልጅቷ ሽንት መጥቶባታል፣ ውሰዳት» አለችው ድምፅዋን ጎላ አድርጋ። ሽንት አልመጣብኝም ነበር። ግን ዝም እላለሁ ብያለሁ።

ሸምበቆው ውስጥ ገባን። ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ አባዬ አቀፈኝ። እዚያ ጠፍጣፋ ጀልባ ነበር፤ ውስጡ የሱፍ ቆብ ያደረገ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሰው ተቀምጧል። ቃል ሳይናገር እጁን ዘረጋና ተቀበለኝ። አባዬ አጠገቤ ተጋደመ፤ በላያችን ላይ እርጥብ ሸራ ተጎተተ። ጀልባዋ በእኛ ክብደት ብቻ ጠርዟ ከውሃው ሊገጥም ደርሶ ነበር። መቅዘፊያው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከሥራችን ያ የሰመጠ ከተማ አለ። በአፍንጫዬ እንኳ ጮክ ብዬ አልተነፈስኩም።

ያኔ ነው ድምጿ በጭጋጉ ውስጥ የመጣው። እትዬ ስማራንዳ ነበረች፤ ከባዶ በርጩማዎቻችን ጋር ታወራለች።

«ቪዮ፣ ውሃ አታብዢበት፣ ካርቶኑ ይበሰብሳል!» ትላለች። መልስ የሰማች ይመስል ቆም ትላለች፣ ቀጥላም «ኤውጄን፣ ሰማዩን ተውልኝ፣ አንተ ሰማይ አትችልም» ብላ ትስቃለች። ከሩቅ መምህር ፖምፒሊዩ አንድ ነገር ሲሏት፣ ልጅቷ ዛሬ ጎበዝ ሆናለች፣ መጥተው ይዩላት፣ ግን ቆይተው፣ ቀለሙ ይድረቅ ብላ መለሰችላቸው። እኛ እየራቅን ስንሄድ ድምጿ እያነሰ ይሄዳል፤ ግን አላቋረጠችም። ቪዮ ትላለች፣ ኤውጄን ትላለች፣ እንዲህ አድርጉት፣ እንዲያ አድርጉት ትላለች።

እኔ ሸራው ሥር ተኝቼ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አላወቀችም! አጠገቧ ያለን መስሏታል! ሁለት ሰው የተባለው አባዬና እኔ ሆነን ተገኘን፤ ሦስተኛዋ እሷ ሆነች። ቃሌን አፍርሼ አፌን ጆሮው ላይ ለጠፍኩና በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ጥለናት ሄድን አይደል?»

አባቴ የራሱን ጡጫ አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰ። አይዞህ ብዬ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት።

ማዶ ስንደርስ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ሸምበቆው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ቆማ ነበር። ስሜን ስትጠራ በድምጿ ነው ያወቅኳት። ሳል አልነበረባትም። ሳንባሽ ዳነ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ሦስታችንም ጭቃ ውስጥ ተያይዘን ቁጭ አልን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላወራም፤ የስደተኛ ኑሮ ያው ነው። የሩማንያ መንግሥት ሲወድቅ አባቴና እናቴ ስማራንዳን ሊያዩ ክራዮቫ ሄደው ምሳ በልተው ተመለሱ። እኔ ፈተና ነበረብኝና ቀረሁ። ነገሩን ሁሉ በየጊዜው ከሁለቱ አፍ ለቃቅሜ ሰምቼው ነበር፤ ስማራንዳና አባቴ እጮኛ መስለው መታየት እንዳለባቸው የመከረችው እናቴ መሆኗን ሳይቀር። ከዳተኛይቱን የረሳ፣ ሌላ የያዘ ሰው ካልመሰለ ማን ያምነው ነበር? ጎረቤታችን፣ ፋብሪካውና እኔ፣ ሁላችንም እንድናምን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። እኔ ከሁሉም በላይ አመንኩ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ የሱፍ ሻል ላከችላት። ስማራንዳ አሁንም ያው ረጅም ናት፣ ጀርባዋ ብቻ ጎብጧል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጣኝ ፕሪም እየሰነጠቀች ፍሬውን ታወጣ ጀመር። የአባቴን መሞት ሰምታለች፤ እንዴት እንደሞተ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቢላዋዋን አላቆመችም።

ያኔ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ምንም አልገባኝም፣ በሰው ፊት ያልኩሽ ሁሉ ስህተት ነበር አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ምን አድርገውሽ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተጨነቅኩ ነገርኳት።

«ምን አደረጉኝ?» አለች። «ሳቁብኝ። ቡርላኩ ለመርማሪዎቹ ምን ብሎ እንደመሰከረ ታውቂያለሽ? ‹ይህች ሴት የምታውቀው ነገር የለም፤ ሰውየው ተጫውቶባት ነው የሄደው። ሕፃኗ እንኳ ዞር ብሎ አያያትም ብላ በሁላችን ፊት ነግራታለች።› ብልህ ሴት ብሆን ኖሮ እስር ቤት እበሰብስ ነበር። ሞኝ ሴት ግን ማን ያስራል? ከፓርቲው አባረሩኝ፣ መጥረጊያ አስያዙኝ፣ በቃ። አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ።»

እኔ ለመሳቅም ለማልቀስም ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ብቻ አስፈርቶኝ ነበር» አለች። «ተጥላ የቀረች ሴት መርማሪ ፊት ካላለቀሰች ማን ያምናታል? በመንገዱ ሁሉ እንባውን ከየት ላምጣው እያልኩ ነው የሄድኩት። እንደገባሁ ግን መጣ። ሊያቆምልኝም አልቻለም፤ ውሃ አምጡላት እስኪሉ።»

የእናቴን ስጦታ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋሁላት።

«ስህተት ነበር አትበዪኝ፣ ቪዮ» አለች። «ያን ቀን ሁለት ነገር ነው የተናገርሽው፤ ለእሱ እንደምቆነጅ፣ እሱም ዞር ብሎ እንደማያየኝ። በሁለቱም አልተሳሳትሽም።»

ሻሉን ከነመጠቅለያው አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችና፣ ለእናቴ በጣም ያሞቃል ብዬ እንድነግርላት አደራ አለችኝ።